ጨረቃ ላይ ሰው ማንሳት

ደብረ ታቦር ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት የሚመጡት ተማሪዎቼ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ የሚውሉ ጎልማሶች ናቸው። ከነሱ አንዷ ከዓረብ አገር የተመለሰች፣ ሠላሳውን ያለፈች ሴት ነበረች። ሁልጊዜ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች፤ ጠይቃ አታውቅም።

የዚያን ቀን ትምህርቱ ስለ ስበት ነበር። እዚህ ሚዛን ላይ ወጥቶ ስልሳ ኪሎ የሚያሳይ ሰው ያንኑ ሚዛን ይዞ ቢሄድ፣ ጨረቃ ላይ አሥር ኪሎ፣ ማርስ ላይ ሃያ ሦስት ገደማ፣ ጁፒተር ላይ ደግሞ፣ የሚቆምበት መሬት ቢያገኝ፣ መቶ ሃምሳ ያህል እንደሚያሳየው ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

"ሰውየው አልከሳም፣ አልወፈረም። የተለየው የሚስበው ኃይል ነው" አልኳቸው።

እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ጨረቃ ላይ የታመመ ሰው ከአልጋ ማንሳት ይቀላል ማለት ነው?"

"አዎ፣ በስድስት እጥፍ።"

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሌሎቹ ሲወጡ አስቀረኋት።

"አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሽባ አሮጊት ሳነሳ ኖርኩ" አለችኝ። "ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፣ ብቻዬን። ወገቤ እምቢ ሲለኝ አሠሪዎቼ 'ሰነፍሽ' ብለው ወደ አገሬ መለሱኝ። እኔም ሰንፌ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ዛሬ የጻፉትን ሳይ፣ ለካ ሸክሙ ከባድ ነበር አልኩ።"

እኔም ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳት። እናቴ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት ከይፋግ አምጥቻት እኔ ቤት ተኝታለች። ባነሳኋት ቁጥር ሁለታችንም እናለቅሳለን። ደጅ ካየች ወር አልፏታል።

"እንዴት ነው የሚያነሷቸው?"

ጎንበስ ብዬ አሳየኋት።

"ኧረ በእመቤቴ! እንዲህማ እርስዎም ይሰበራሉ። ነገ ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ።"

መጣች። እናቴ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ "እማማ፣ እኔ አላነሳዎትም፤ ወገቤ አይችልም። ለልጅዎ ግን አሳያለሁ" አለቻት። ከዚያ ወደኔ ዞረች። "ይጠጉ። ጉልበትዎን አጥፈው ዝቅ ይበሉ፤ ወገብዎ ቀጥ ይበል። እማማ፣ በደህናው እግርዎ መሬቱን ይርገጡ። ሦስት ስል አብራችሁ።"

እናቴ ተነሳች። ያለ ለቅሶ፣ ያለ "ወየው"። ደጅ አውጥተን ፀሐይ ላይ አስቀመጥናት። ወደ ጉና ተራራ አሻግራ እያየች፣ ገብሱ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ደስ ስላለኝ ቀለድኩባት። "እማ፣ ጨረቃ ላይ ብትሆኚ እኮ በአንድ እጄ አነሳሽ ነበር።"

"ምነው ልጄ፣ እዚያ ማን ጠያቂ ይመጣልኛል?"

ያቺ ዝምተኛ ተማሪዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

እናቴ ዳግመኛ በእግሯ አልሄደችም፤ ፀሐይ ግን ቀርቶባት አያውቅም። ተማሪዬም ወገቧ አልዳነላትም። አሁን ሰፈራችን ውስጥ በሽተኛ የሚያስታምም ቤተሰብ ሁሉ ይጠራታል። የሚያነሱት የቤቱ ሰዎች ናቸው፤ እሷ የምትቀመጥበት ወንበር ቀርቦላት፣ "ቀጥ በሉ፣ አብራችሁ" እያለች ታሠራቸዋለች።