ያልጠረግኩት ጥግ

ጉለሌ፣ ሰፈራችን ያለውን ደብር ግቢ ለንግሥ በዓል የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ከወይራውና ከጥዱ ሥር አንዲት ቅጠል አላስቀርም፤ ቡቃያውንም እንደ አረም ነቅዬ እጥላለሁ። ደግሞ እኮራበት ነበር!

አንድ ቀን በአቅራቢያችን ካለው የእጽዋት ማዕከል ዘር ልትለቅም የመጣች ባለሙያ፣ «ዛፎቹ ሁሉ ሽማግሌ ናቸው። ልጆቻቸው የት ሄዱ?» አለችኝ። ልቆጣ ስል ከጠረግኩት ክምር ውስጥ ሁለት ቅጠል ያወጣች የወይራ ቡቃያ አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ከቤተልሔሙ ጀርባ መጥረጊያ አላሳረፍኩም። የሰበካ ጉባኤ አባል የሆኑ አንድ ቆፍጣና ሽማግሌ፣ «ሰነፍ! ግቢውን ጫካ አደረግከው!» ብለው በሰው ፊት አዋረዱኝ። ቡቃያዎቹን እያሳየሁ «የዛፎቹ ልጆች ናቸው» ብላቸው ሳቁብኝ። እኔም ግትር ነኝ፤ መጥረጊያዬን ሰጥቻቸው «እንግዲያው እርስዎ ይንቀሏቸው» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩአቸውና መጥረጊያውን መለሱልኝ።

ይኸው ዓመታት አልፈው ቡቃያዎቹ ወገቤ ደርሰዋል። ዘንድሮ ታቦቱ ሲዞር ሕዝቡ እልል እያለ ወደ እነሱ ሲገፋ፣ አንድ ሰው ከዘራውን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋ። እኚያው ሽማግሌ ናቸው።

«በዚያ ዙሩ!» ብለው ጮኹ፤ «ልጆቹን እንዳትረግጡ!»