በዜሮ ማርሽ

ጃቢር የሚጠላው ብዙ ነው። ሾፌር በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ሲነዳ ካየ ያቅለሸልሸዋል፤ ጎማውን ሳያይ የሚነሣ ሰው ሰላምታ እንኳ አይገባውም ባይ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚጸየፈው ግን ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ፣ ሞተሩን ከጎማው አላቅቆ የሚወርድን ሰው ነው።

የጎንደር አዲስ ዓለም ልጅ ነው። አባቱ ጨርቅ ሲነግዱ እሱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሱቁን ጥሎ መሪ ጨበጠ፤ ይኸው መንዳት ከጀመረ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ። ያኔ የሾፌር ጀግንነት የሚለካው በናፍጣ ቁጠባ ነበር። አፋፉ ላይ ማርሹን ዜሮ፣ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ፣ መኪናው በራሱ ክብደት ሸርተት! እንዲህ ያልወረደ ሾፌር አይባልም ነበር። ኤዲያ!

ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያው ኦቶማቲክ የጭነት መኪና ሲመጣ ጃቢር እንደ ልማዱ ዜሮ አድርጎ ለቀቀው። መኪናውን በማርሽ አፍኖ የሚይዘው የሞተሩ ፍሬን እንደሌለ ሆነ፤ ማርሹን ልመልስ ቢል ኮምፒዩተሩ እምቢ አለ፤ በአላህ ቸርነት የመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ተሰክቶ ተረፈ። መካኒኩ የነገረው ደግሞ ከአደጋው ይበልጥ አመመው። ማርሽ ገብቶ ነዳጅ መስጫው ካልተረገጠ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ናፍጣ አይጠጣም። ዜሮ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ይጠጣል። ያን ሁሉ ዓመት ነፍሱን ያስያዘው ለከንቱ ነበር። ይህንን ለማንም አልተነፈሰም፤ ፍሬን ተበላሽቶ ነው ብሎ አለፈ።

ዘንድሮ የመኪኖቹ ባለንብረት ሃጂራ አዲስ የገባውን ኦቶማቲክ ለሾፌሩ ለመለሰ ልትሰጠው አሰበች። ጃቢርን «አንድ ጊዜ አብረኸው ውረድና ይበቃል አይበቃም በለኝ» አለችው። መለሰ ሥራ ከፈታ ስምንት ወሩ ነው፤ የሁለት ልጆቹ እንጀራ በጃቢር ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

ደባርቅን አልፈው ወደ ድብ ባሕር የሚወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ሲደርሱ መለሰ ፈገግ ብሎ ማርሹን ዜሮ አደረገው። የሞተሩ ድምፅ ሟሸሸ። ጃቢር መቀመጫውን ጨብጦ ጮኸ።

«ፍሬን ያዝ! ገና ሳይፈጥን አቁመው!»

መኪናው አንድ ጠመዝማዛ አልፎ በስንት መከራ ቆመ። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ጃቢር ወርዶ ምራቁን እንትፍ አለ።

«ምን ዓይነት ቆሻሻ ሾፌር ነህ አንተ? ይህን ሁሉ ጭነት ይዘህ?»

መለሰ ከልቡ ግራ ገባው። «ምነው አያ ጃቢር? እንዲህ መውረድን አንቱው አይደሉ ያስተማሩኝ? ሸጋ አድርገህ ለቀቅህ ብለው እዚሁ ቁልቁለት ላይ አመስግነውኝ የለም?»

እውነቱን ነው። ጃቢር የቀረውን ስድብ ዋጠው፤ መረረው። በመለሰ ላይ የነበረው ጥላቻ ዞሮ ራሱ ላይ ሰፈረ፤ የገዛ እጁን ማየት አስጠላው። ዝም ካለ ጥፋቱ ሁሉ በመለሰ ላይ ይላከካል። ዝም ማለቱን ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ተክኖበታል።

ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«እትዬ ሃጂራ፣ መለሰን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በዜሮ ውረድ ብዬ ያስተማርሁት እኔ። ያኔ ቦይ ውስጥ የገባሁትም በዚሁ ነው፤ ፍሬኑ ደህና ነበር። መኪናውን አይከልክሉት፤ አብሬው እየሄድሁ አስተካክለዋለሁ።»

ሃጂራ ወዲያው ጠየቀች። «ሌላስ? እንዲህ ያስተማርኸው ስንት ሾፌር አለ?»

«አሥራ አንድ» አለ ጃቢር። «የመጀመሪያው ናስር ነው።»

ናስር ልጇ ነው። ያን ጠዋት በሌላኛው ኦቶማቲክ ሲሚንቶ ጭኖ ከአይከል ወደ መተማ እየወረደ ነበር።