በቀበሌው ቴሌቪዥን በቆሎ ስንጠብቅ

ባለፈው ሰኞ ሣጥን ሳራግፍ ከአሮጌ የጥልፍ ጨርቆች መሃል አንድ የካሬ ደብተር ቅጠል ወደቀ። ስምንት በስምንት ካሬ በእርሳስ ተከልሏል፤ አንዳንዱ ካሬ ጠቁሯል። የጠቆረው ነገር ዝንጀሮ ነው። ሌላ ሰው ቢያየው የቀለም ፍንጣቂ ነው ይላል፤ እኔ ግን ጅራቱን ሳይቀር አውቀዋለሁ። ወዲያው የሞቀ አቧራ ሸተተኝ፤ የዚያ የቀበሌያችን ቴሌቪዥን ሽታ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ነቀምቴ። እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ይጠብቃል። የፊዚክስ አስተማሪያችን ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ፣ ሌላው ሰው ኮትና ጫማ በሚያመጣበት ዘመን፣ እሱ አንዲት ጥቁር ኮምፒውተር ታቅፎ መጣ። ከደብተር ብዙም አትበልጥም፤ ቁልፎቿ እንደ ላጲስ ይለሰልሳሉ። የራሷ ስክሪን ስለሌላት ከቴሌቪዥን ጋር ትገናኛለች። ጨዋታውን የምትቀበለው ደግሞ ከተራ የዘፈን ካሴት ነው። ካሴቱ ሲዞር የሚወጣው ድምፅ፣ ወይ ጉድ! ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ ሰምታችሁ ታውቁ የለ? እሱ ነው፤ ጆሮ ይበሳል። እኔና ወንድሜ ግን እንደ መዝሙር አፋችንን ከፍተን እንሰማው ነበር።

ቴሌቪዥን ያለው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። ስርጭት የሚጀምረው ሲመሽ ስለሆነ ቀን ቀን ሥራ ፈት ነው። ቲቸር የቀበሌውን ሊቀመንበር አስፈቀደና ገባን። በመጀመሪያው ቀን ሊቀመንበሩ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆሞ አየ። ጨዋታው ከሰማይ የሚወርዱ መርከቦችን መምታት ነበር፤ ቀዩ ይመታል፣ አረንጓዴው ወገን ስለሆነ ይታለፋል።

«ጓድ መምህር፣ እነዚህ የሚወርዱት እነማን ናቸው?» አለ ሊቀመንበሩ ኮስተር ብሎ።

«ጠላት ናቸው፣ ጓድ።»

«የማን ጠላት?»

ቲቸር ላብ በላብ ሆነ። ይህም ሳያንስ ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው! ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ዓይነት አመድ መሰሉ። ወንድሜ በደቂቃ ውስጥ ወገኑን ሁሉ ጨርሶ ተሸነፈ። በሳቅ ልንሞት!

«ቀለሙ ካልታየ መልካቸውን ለምን አንለውጥም?» አልኩ እኔ። ቲቸር ዞሮ አየኝና ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ ካሬ ሠራ። እያንዳንዱ ሥዕል ስምንት ረድፍ፣ በረድፉ ስምንት ነጥብ። ነጥቡ ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል፤ የሚበሩት ተደምረው ለረድፉ አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። እሱ እያብራራ እኔ ሳቄ መጣ። ይሄማ ጥልፍ ነው! ከልጅነቴ ጀምሮ በቀዳዳ ጨርቅ ላይ ክር እየቆጠርኩ አበባና ወፍ ስጠልፍ ነው ያደግኩት። ወንድሜ «ያ ኢንተላ፣ ዛሬ ገና ጠቀምሽን!» ብሎ ትከሻዬን በቡጢ አለኝ። «አንቺ ልጅ» ሲለኝ ሁሌም በኦሮምኛ ነው።

መርከቡን ጀልዴሳ አደረግነው፤ ዝንጀሮ ማለት ነው። ቢላ በምትባለው ከተማ አካባቢ፣ አጎታችን ማሳ ላይ በቆሎ ስንጠብቅ ስንቱን አባረናል! ዝንጀሮዎቹ ከጫካው ወደ በቆሎው ይወርዳሉ፤ በመሃላቸው የጎረቤት ጥጃ አለች፣ እሷን የመታ ይሸነፋል። ቲቸር ጨዋታውን በአራት ደረጃ ከፍሎ ፍጥነቱን አስተካከለ፣ ድንጋይ የሚወነጨፍበት ድምፅ ጨመረ። ሊቀመንበሩ የገበሬዎች ማኅበር በቆሎ መሆኑ ሲነገረው ፊቱ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ምሳውን በልቶ መጥቶ እኛን አስነስቶ ይጫወት ጀመር።

እንዲህ ስንቦርቅ የወንድሜ ስም በብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ወጣ። ሁለት ሳምንት ቀረው። አዮ፣ እናታችንን እንዲያ ነው የምንጠራት፣ እንጀራ አልበላ አላት። ወንድሜ ግን ሲያስጨንቀኝ የነበረው በሌላ ነው። «አራተኛውን ደረጃ ሳላይ አልሄድም፤ ይዘውኝ እንኳ ቢሄዱ ዘልዬ እወርዳለሁ» ይላል። የአራተኛው ደረጃ ሥዕል የኔ ምስጢር ነበር። ለእሱ ብዬ ነው የሠራሁት፤ ለቲቸር ቁጥሮቹን ብቻ ሰጥቼ ምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

እና አልሠራ አለ! ሦስተኛው ደረጃ ሲያልቅ ኮምፒውተሯ ቀጥ ብላ ትቆምና ከታች «ዳታ አልቋል» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። ቲቸር የራሱን ትእዛዞች መስመር በመስመር አጣራ፤ ወንድሜ እያነበበለት እሱ እያየ፣ አንድ ጊዜ አይደለም፣ አምስት ጊዜ። የኔን ቁጥሮች የነካ አልነበረም። «እሷ ስትቆጥር አትሳሳትም» ይላል ቲቸር፤ እኔም አንገቴን ቀና አደርጋለሁ። ኩራቴ ያናድደኛል፣ አሁን ድረስ።

ተመልማዮቹ የሚሄዱበት እሑድ ደረሰ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ ለወንድሜ የሚወስደው ፎጣ ላይ ስሙን እጠልፋለሁ። ስሙን ጨርሼ የአባታችንን ስም ከታች ልጀምር ስል አንድ ረድፍ ባዶ አለፍኩ። ባዶ ረድፍ አይሰፋም፤ ስለማይሰፋም ጠላፊ ሴት ስትቆጥር አትቆጥረውም። መርፌዬ ቆመ። የአራተኛው ሥዕል አናቱ ላይ ባዶ ረድፍ አለው! እኔ ባዶ ነው ብዬ ሰባት ቁጥር ሰጥቻለሁ፤ ኮምፒውተሯ ስምንተኛውን ትጠብቃለች!

ፎጣውን ጥዬ በረርኩ። ቲቸር ግቢው ውስጥ ልብስ ያጥባል። «ዜሮ! ዜሮ ነው የጎደለው!» አልኩት። ከነሳሙናው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ኮምፒውተሯን ታቀፈ።

አዳራሹ ስንደርስ ልጆቹን የሚወስደው ካሚዮን ቆሟል፤ ግቢው በእናቶችና በልጆች ተሞልቷል። ወንድሜን እጁን ይዤ ጎተትኩት። ካሴቱ ገባ፤ ያ በረዶ ይወርድ ጀመር። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። አራት ደቂቃ ሞልቶ ሊያልቅ ሲል ተበላሸ! ቲቸር ድምፁን በጣም ጥቂት ቀንሶ እንደገና አስጀመረ። ሁለተኛው ያዘ። ቲቸር በረጠበ ጣቱ ያቺን ዜሮ ጻፈ።

ወንድሜ ተቀመጠ። የሚሄዱት ልጆች ሁሉ ግር ብለው ከኋላው ቆሙ። «ሩኩቲ! ምታው!» አዳራሹ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ዝርዝሩን ይዞ በሩ ላይ መጥቶ «ሰዓት ደርሷል» አለና ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ፣ «ጥጃዋን! ጥጃዋን ተው!» ብሎ ከሁሉም በላይ ጮኸ። አንደኛው አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። በሦስተኛው አንድ ጀልዴሳ ብቻ ቀረ። መታው።

ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ በቆሎው መሃል አንዲት ትንሽ ሰው ብቅ አለች። አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው፤ ሌላው ግንባሯ ላይ፣ ሩቅ እንደሚያይ ሰው። አጭር ስለሆነች ነው ከአናቷ በላይ ያለው ረድፍ ባዶ የሆነው።

«አዮ!» ብሎ ጮኸ ወንድሜ። እንዴት ያለ ጩኸት! ወንበሩ ወደቀ።

አዮ ውጭ ሆና ሰማችው። ሰውን በክርኗ እየገፋች፣ ነጠላዋ እየተጎተተ ገባች። «ማል ታቴ፣ ኢልማ ኮ? ምን ሆንክ፣ ልጄ?» ትላለች፤ ፊቱን፣ ደረቱን ትዳስሳለች። እሱ ይስቃል። ጣቷን ይዞ የቴሌቪዥኑን መስታወት አስነካት። «አንቺ ነሽ፣ እይ! ቆመሽ እየጠበቅሽኝ ነው!» «አየሁ፣ አየሁ» አለችው፤ ደጋግሞ ሳማት። ካሚዮኑ ጡሩንባውን ነፋ።

ከወንድሜ ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ቀረ። ቲቸር ወደ አንገር ጉቲን ተዛወረ፤ መብራት በሌለበት ኮምፒውተሯን ምን እንዳደረጋት እንጃ። ወንድሜ አልተመለሰም። አልቅሼ አልወጣልኝም፣ ምን ልዋሻችሁ።

አዮ ዛሬ ዓይኗ ደክሟል፤ ያኔም ከነጥብ በቀር ያየችው ነገር እንደሌለ ነግራኛለች፤ ደስ እንዲለው ብላ ነው አየሁ ያለችው። ልጆቻቸው ያልተመለሱላቸው የሰፈር እናቶች ሲሰበሰቡ አንዷ ሁሌ ታነሳዋለች፦ ልጄ በመጨረሻዋ ሰዓት ስንቴ ጠርቶኝ ይሆን፣ ሳልሰማው ቀርቼ። ሁሉም ያለቅሳሉ። አዮም ታለቅሳለች። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔን አንዴ ጠርቶኝ ደርሼለታለሁ» ትላለች።