ለአጎቴ የነገርኳቸው ውሸት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳለሁ ነው። እግሬ ከዳነ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ነገሩ ከሆዴ አልወጣም።

ያኔ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ መኪናችን ተገልብጦ ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ተሰበረ። ሐርቡ አጎቴ ይመር ዘንድ ወሰዱኝ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ በአካባቢው የታወቁ ወጌሻም ነበሩ። በቀርከሃ አስረውኝ "ሁለት ወር እንዳትረግጠው" አሉኝ።

በአምስተኛው ሳምንት የጓደኛዬ ሰርግ ደረሰ። ሚዜው እኔ ነበርኩ። ሚዜ ተኝቶ ይቀራል እንዴ ብዬ ቀርከሃውን በድብቅ ፈትቼ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ሞኝነቴ፣ ጨፈርኩም። አጥንቱ ሲንሸራተት ተሰማኝ። ቤት ተመልሼ ራሴው አሰርኩትና ጸጥ አልኩ።

ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ አጥንቱ አልገጠመም። ደሴ ያለው ቀዶ ሐኪም ከዳሌዬ አጥንት ወስዶ ስብራቱ ላይ ሞላበት፤ በብረት አያይዞ እስከ ጭኔ ጀሶ አደረገብኝ። "ይህም ካልያዘ የሚቀረው መቁረጥ ነው፤ ማንም እንዳይነካው" አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ሠራተኛው ሁሉ ስብሰባ ተጠርቶ ሄዶ ሳለ አጎቴ መጡ። ከጋቢያቸው ስር ቢላዋና ቀርከሃ አወጡ።

"አብሽር ልጄ። ይህን ነጭ ጭቃ ላንሳልህና እኔ ልሰርህ።"

"አጎቴ፣ ሐኪሙ እንዳይነካ ብሏል።"

"ያሳደገህ ሐኪሙ ነው?"

እግሬ ከፍ ተደርጎ ከአልጋው ጋር ታስሯል፤ መነሳት የለ፣ መሸሽ የለ። አጠገቤ የተኙት በሽተኞች በአባትና በልጅ መካከል አንገባም ብለው ፊታቸውን አዞሩ። የአጎቴን እጅ መያዝ ደግሞ አባትን እንደ መምታት ሆነብኝ። "ቢስሚላህ" ብለው ጀሶውን ከላይ መቅደድ ጀመሩ። ዱቄቱ ጭኔ ላይ ሲራገፍ እግሬ የተቆረጠ ያህል ፈራሁ።

"መጀመሪያም ያበላሸው የእርስዎ እጅ ነው" አልኳቸው።

ቢላዋው ቆመ።

"ሐኪሙ ነው ያለህ?"

"አዎ።"

ሐኪሙ እንዲህ ያለ ቃል አልወጣውም። አጎቴ ቢላዋውን መልሰው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ፤ ግንባሬን ሳሙኝና "አፉ በለኝ ልጄ" ብለው ወጡ።

አጥንቱ ያዘ። ከወራት በኋላ ያለ ምርኩዝ ሐርቡ ገባሁ። በዚያው ሳምንት ከበቅሎ የወደቀ አንድ ገበሬ በቃሬዛ አምጥተው አጎቴ ደጅ አስቀመጡ። አጎቴ ሳይነኩት "ደሴ ውሰዱት። እኔ የገዛ ልጄን አበላሽቻለሁ" አሉ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የፈታሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ ስብራት ነክተው አያውቁም። ሲሞቱ ጀናዛቸውን ተሸክሜ ሳላነክስ እስከ መቃብር ሄድኩ። ሰው "ያ እግርህ እንዴት ሆነ?" ሲለኝ ዛሬም አፍራለሁ።