ጫጫ ላይ የበረረው ቱርቦ

ሠረቀብርሃን ሰውን የሚመዝነው በጫማው ነው። ሰንደል ተጫምቶ ጋራዡ የገባ ሁሉ ለእሱ ቆለኛ ነው፤ ቆለኛ ደግሞ ሞተር አያውቅም፣ አለቀ። ደብረ ብርሃን ላይ ሠላሳ ዓመት መኪና ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነውና እጁ አይታማም። አፉን ግን ይዝጋው። የዩኒቨርሲቲ መምህር መጥቶ ቢጠይቀው «ደብተርህን ይዘህ ሂድ» ይለዋል፤ የፋብሪካ ሹፌር ቢመጣ «አንተ መሪ ከመያዝ ሌላ ምን ታውቃለህ» ይለዋል። ሰዉ ተሰድቦ ተመልሶ የሚመጣው የተሻለ እጅ ስላጣ ነው። እሱ ግን አክብረውኝ ነው ብሎ ያምናል።

ጃፈር ሰንደል አድርጎ መጣ። በገበያ ቀን ሰውና ሽንኩርት በፒክአፕ ጭኖ ከቆላው አልዩ አምባ ወደ ደጋው አንኮበር የሚወጣ ሰው ነው። የድሮው ሞተር ዳገት ላይ ነክሶ ስለቀረበት፣ በባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ሊያስቀይረው ነው አመጣጡ። ተሳፋሪዎቹ ሦስት ገበያ ታግሠውታል። በአራተኛው ካላወጣቸው ተራውን ሌላ መኪና ይወስደዋል፤ ተራ ደግሞ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ስለዚህ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን፣ በሞተሩ ጭስ እየዞረ አየር የሚነፋለትን ቱርቦም ራሱ ፈልጎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጥቷል።

ሠረቀብርሃን ጨርቁን ፈትቶ አየና ሳቀ። «ይሄን ከሴቶች ጸጉር ቤት ነው ያመጣኸው?»

«ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይነቃል፣ ጋሼ» አለ ጃፈር። «እኛ ዳገቱን የምንወጣው በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ነው። ትልቅ ቱርቦ ለማዞር ብዙ ጭስ ያስፈልጋል፤ በዝግታ የሚዞር ሞተር ያን ያህል ጭስ ከየት ያመጣል? አየሩም ስስ ነው። ቱርቦው ተርቦ ይቀራል።»

ቱርቦው ተርቦ! ሰንደል ያደረገ ሰው በቃል ሲጫወትበት! ሠረቀብርሃን ደሙ ፈላ። ነገሩ ልክ መሆኑን አላጣውም፤ ያልተዋጠለት ከቆለኛ አፍ መስማቱ ነው። ለእልህ ብቻ ከመደርደሪያው ላይ ከትልቅ የጭነት መኪና የወለቀ፣ ድስት የሚያህል ቱርቦ አወረደ። «ወንድ ልጅ ይሄን ነው የሚያስገጥም» አለና ገጠመው። ጃፈር ሁለት ጊዜ ለመነው። ሁለት ጊዜም «አንተ ሽንኩርትህን ጫን» ተባለ።

ሙከራውስ የት ተደረገ? ጫጫ መንገድ ላይ! የከተማው መካኒክ ልማድ ነው፤ የጠገነውን መኪና ባዶውን ወደ ጫጫ ነድቶ፣ ሜዳው ላይ አራተኛ ማርሽ አስገብቶ እየገለፈጠ ይመለሳል። በዚያ አስፋልት እንኳን መኪና ጋሪም ይበራል። ሞተሩ ዙር ሲያገኝ ትልቁ ቱርቦ አፏጨ፣ ፒክአፑ ተወረወረ።

«አየህ?» አለ ሠረቀብርሃን፣ ጎኑ የተቀመጠውን ጃፈርን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው፤ ዳገት የሚወጣ መኪና ሜዳ ላይ ተመረቀ።

በገበያው ቀን ሠረቀብርሃንም አብሮ ወረደ። ማንም አልጠራውም፤ ሊመሰገን ነው የሄደው። ከአልዩ አምባ ስምንት ሰውና አራት ኩንታል ሽንኩርት ተጫነ፤ እሱ ጋቢና ውስጥ ተኮፍሶ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ጃፈር አንደኛ ማርሽ አስገባ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ። ፉጨት ግን የለም። ነዳጅ ሲረገጥ ጭሱ ይብሳል እንጂ መኪናው አይስብም። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ጭራሽ ቆመ፤ ከዚያም ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር። ፍሬኑ ያን ሁሉ ጭነት ብቻውን አልቻለውም።

ሠረቀብርሃን ዘሎ ወረደ። ከኋላ የተሳፈሩ አፊፋ የሚባሉ ባልቴት ማንነቱን አያውቁትም፤ ጮኹበት። «አንተ ረዳት! ምን ይገትርሃል? ታኮ አድርግ እንጂ!»

ረዳት! እሱ፣ ሠላሳ ዓመት ጋሼ የተባለው! ግን ገደሉ ከጎኑ ነው፤ ድንጋይ አንስቶ ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀ። መኪናው ክንድ ያህል ሲሳብ ድንጋዩን አስከተለ፣ ሲቆም መልሶ ወሸቀ። አሁንም አስከተለ፣ አሁንም ወሸቀ። ጭሱ ፊቱን አጠቆረው። የናቁት ያስረግዛል ይባላል።

ከኋላ ሌላ መኪና ደርሶ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ እየወረዱ ሽንኩርታቸውን አዛወሩ። አፊፋ ብቻ ዞር ብለው ጃፈርን «አላህ ይተካልህ፣ ልጄ» አሉትና እሳቸውም ወጡ። ያኛው መኪና ሁሉንም ይዞ ጥምዙን ዞረ።

ሠረቀብርሃን አፈረ። በዕድሜው እንዲህ ማፈሩን አያስታውስም። «ትንሹን እገጥምልሃለሁ» አለ ድንጋዩ ላይ እንዳቀረቀረ። «ነገውኑ። ልክ አንተ ነበርክ።»

ጃፈር በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አየው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ማንን ላወጣበት፣ ጋሼ?»