ከመግሪብ በኋላ የሚቀላው መስመር

ሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ሰላማዊ ይመስለዋል። እኔ ሪያድ ውስጥ ደም ማየት የለመድኩት ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

ባዲዓ በሚባለው ሰፈር ምግብ በሞተር የሚያደርስ ድርጅት ነበር፤ ምድር ቤቱ ወጥ ቤት፣ ፎቁ ቢሮ። ሥራዬ ትእዛዝ የሚያስተናግደው ሲስተም ፍጥነቱ እንዳይወድቅ መከታተል ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር አለ፤ ሲስተሙ መልስ ለመስጠት በዘገየ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲብስበት እንደ ደም ይቀላል። አጠገቤ የመጣውን ትእዛዝ በሞተረኞቹ ስልክ ላይ የሚለቅ የወሎ ሰው ይቀመጣል። ዝምተኛ ነው። ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ አለቃችን ሙዲሩ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበታል።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ትእዛዙ ይጎርፋል፣ መስመሩም ይቀላል። ታች ወጥ ቤቱ በር ላይ የሚጠብቁት ሞተረኞች ደግሞ ክፉ ልማድ አለባቸው። ቀድሞ የነካ ነው ትእዛዙን የሚወስደው፤ ስለዚህ ስልኩ ሲዘገይባቸው በአውራ ጣታቸው ይቀጠቅጡታል። እያንዳንዱ ንክኪ ለሲስተሙ አዲስ ጥያቄ ነውና በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንበታል፤ ሲቀጠቅጡት ይዘገያል፣ ሲዘገይ ይቀጠቅጡታል። ስልኩ እንቢ ሲላቸው እርስ በርስ መደባደብ ይጀምራሉ። ሄልሜት ሰው አናት ላይ ሲያርፍ ድምፁ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

አንድ ምሽት መፍትሔውን አገኘሁት። መልስ የዘገየበት ስልክ ጥቂት ጠብቆ ብቻ እንዲጠይቅ፣ በመሃል ያለው ቅጥቀጣ እንዳይቆጠር አድርጌ አዘጋጀሁ። ሲስተሙ ላይ ልለቀው ስል ሙዲሩ በሩን በእግሩ ከፍቶ ገባ። የወሎው ሰው ትእዛዝ እየደበቀ ለአገሩ ልጆች ይሰጣል፣ ሲስተሙም በእሱ የተነሳ ይዘገያል የሚል ወሬ ነግረውታል። አልጠየቀውም። አፉን በቡጢ መታው፣ ከወንበሩ ጎትቶ አነሳው፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም ብዬ መሃል ስገባ እኔን ከግድግዳው ጋር አላተመኝ። ከዚያ እስከ ታች እየጎተተ አወረደውና ለዘበኛው አስረከበው። ፖሊስ እስኪመጣ ይዞት እንዲቆይ፣ ከዚያ ተርሒል እስር ቤት እንደሚገባና ወደ አገሩ እንደሚጠረዝ ሲነግረው ሰማሁ።

ያዘጋጀሁትን ማስተካከያ ለቀቅሁት። መስመሩ ወረደ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ታችም ጸጥ አለ። ሙዲሩ እያለከለከ ሲመለስ ስክሪኑን አየ።

«አየህ? እሱ ሲወጣ ዳነ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ያስተካከልኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። እልህ ያዘኝና ሁሉንም ወደ ነበረበት መለስኩት።

«ወንበሩ ባዶ ነው» አልኩት። «አሁን ቁምና እይ።»

መስመሩ ወጣ፣ ቀላ። ታች ጩኸቱ እንደገና ተነሳ፣ መስታወት ተሰበረ። ሙዲሩ ባዶውን ወንበር አየ፣ ስክሪኑን አየ። ስልኩን አነሳና ዘበኛውን «ሰውየውን መልሰው» አለው። ፖሊስ ጋም ደውሎ ኸላስ፣ አትምጡ አለ። ስልኩን ሲያስቀምጥ እኔን በጥፊ አጮለኝ። ጆሮዬ ጮኸ፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን ጥፊ ጣፍጦኝ አያውቅም።

የወሎው ሰው ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ሸሚዙ በደም ተበክሎ ወደ ፎቅ ወጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እንዲያመሰግነኝ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ወደ ታች ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጥ ነበር።

«ወንድሜ፣ አስተካክለው እንጂ» አለኝ። «ታች ሰው እየተፈነከተ ነው።»

ሞተረኞቹን ረስቻቸው ነበር።