ሰዓዳ ለአባባ የቆረጠችላቸው ቃል

ወዳጆቼ፣ ሰዓዳ ሞተች አሉኝ። እኔ ግን አሁንም ስልኳ ላይ እየደወልኩ ነው።

ትናንት እኮ እየሳቀች የድምፅ መልእክት ልካልኛለች። ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ደመላሽ ከመካነ ሰላም ደውሎ፣ ራሷን አሟት ጋደም እንዳለች በዚያው ቀረች አለኝ። ከዙህር ሶላት በኋላ ትቀበራለች። እኔ ደሴ መናኸሪያ ነኝ፤ ሚኒባሱ ገና አልሞላም።

ለማታውቋት፣ ጎረቤታችን ሰዓዳ ከጅዳ ስትመለስ ሌላው ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ሲጭን እሷ ወረቀት የሚቆርጥ ትንሽ ማሽን ይዛ የመጣች ናት። ከስልኳ ጋር አገናኝታ ነጭ ካርቶን ላይ አንድ ቃል ፈልፍላ ታወጣለች፤ ከኋላው ጥቁር ወረቀት ትለጥፋለች፤ አለቀ። አበባ የለው፣ ልብ የለው። ለሠርጌ ካርድ ግጥም ጨምሪልኝ ለሚላት ሁሉ መልሷ «አንድ ቃል ይበቃል» ነበር። በብዛት የሚወሰድላት «አብሽር»፣ አይዞህ የሚለው ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይወደዋል።

ፊደላችን ለዚህ ሥራ አስቸጋሪ ነው። የ«ም» ሆድ፣ የ«ሄ» ቀለበት ዙሪያው ሲቆረጥ መሃሉ ተገንጥሎ ይወድቃል። እሷ ቀጭን ማያያዣ እየተወች ታስቀረዋለች።

አባታችንን፣ አባባን፣ ስትሮክ ሲመታቸው ምላሳቸው ታሰረ፣ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ አእምሯቸው ግን ሙሉ ነበር። ሰዓዳ ሰምታ «ውሃ»፣ «በረደኝ»፣ «አመመኝ» የሚሉ ካርዶች ቆርጣ አልጋቸው ላይ ደረደረችላቸው። በግራ እጃቸው እያነሱ ያሳዩን ጀመር።

ከዚያ ደመላሽ አዲስ አበባ እወስዳቸዋለሁ ብሎ መኪና ይዞ መጣ። ሐኪሙ ከእንክብካቤ ሌላ የሚደረግ የለም ቢልም እሱ አላመነም። ልብሳቸውን ማጠፍ ስንጀምር አባባ ካርዶቹን ጠርገው ጣሉ። ግድግዳውን በቡጢ ይመታሉ። ደመላሽ፣ በሽታው ነው፣ ቶሎ እናውጣቸው አለ። ጎረቤቶች ብብታቸውን ይዘው ሊያነሷቸው ሲሉ ሰዓዳ ደረሰች።

የጎደላቸው ቃል አለ አለችን። የፊደል ገበታ አስመጥታ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች፤ ጣቷን ፊደል በፊደል ስታስኬድ፣ የፈለጉት ላይ ስትደርስ እጇን እንዲጨብጡ ነገረቻቸው። ውጭ ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። አባባ ላብ በላብ ሆነዋል።

አ። ል። ሄ።

ደመላሽ ቱግ አለ። «በአባቴ አፍ የምትናገሪ አንቺ ማን ነሽ? እጃቸውን የጨበጥሽው አንቺ ነሽ።»

ሰዓዳ ተነስታ ቤቷ ሄደች። ስትዘገይ ጊዜ ተከተልኳት፤ ማሽኑ እየቆረጠ መሃል ላይ መብራት ሄዶባት፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ቀሪውን በምላጭ ትጨርሳለች። ጣቷ ደምቷል። ሁለት ካርድ ነበር። አንዱ «እሄዳለሁ»፣ አንዱ «አልሄድም»።

ይዛ ተመለሰችና አባባ ፊት አኖረቻቸው። ከዚያ እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ ግድግዳውን ተጠጋች።

«እኔ ወረቀት ነው የምቆርጠው» አለችው ደመላሽን፣ «ቃሉን እሳቸው ይምረጡ።»

የአባባ ግራ እጅ ተዘረጋ። መጀመሪያ «እሄዳለሁ» ላይ አረፈ። ቀስ ብለው ወደ ጎን ገፉት፤ ሌላውን አንስተው ደረታቸው ላይ አደረጉና ልጃቸውን ዓይን ዓይኑን አዩት።

ደመላሽ ወደ ውጭ ወጣ። ሹፌሩን አሰናብቶ ሲመለስ እግራቸው ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። አባባ በግራ እጃቸው ራሱን ዳበሱት።

ከዚያ ወዲያ ከቤታቸው አልወጡም። የገብስ ማሳቸውን በመስኮት እያዩ፣ ጎረቤት እየገባ እየወጣ፣ በገዛ አልጋቸው አረፉ። ዛሬ ደመላሽ በስልክ ሲያለቅስ እኔ ነኝ ያባበልኩት።

ሰዓዳዬ፣ ያን ቀን አባባ እጅሽን ይዘው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ምን ሊሉሽ እንደነበር ሁላችንም ገብቶናል። እዚያ አንደበታቸው ተፈትቶ ከሆነ በራሳቸው ድምፅ ይመርቁሽ። አላህ ጀነትን ይወፍቅሽ፣ እህቴ። ደህና ሁኚ።